ሪሚክሱን ሰምቼ ነው ባንዱን ያወቅሁት፤ ዋናውን ስሰማ ግን ቅር አለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው?

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ብራስልስ ነው። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዡ ደ ባል አደባባይ ጎራ ማለት ልማዴ ነው። የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው፤ ምናለሽ ተራን ወስዳችሁ ኮብልስቶን ላይ ብታሰጡት እሱን ይመስላል። ከሦስት ሳምንት በፊት መሬት ላይ በተነጠፈ ብርድ ልብስ፣ እጀታ በሌለው መጥበሻና በአንድ እግር ጫማ መካከል፣ ክዳኑ የተሰነጠቀ ሲዲ አየሁ። ቴሌክስ ይላል። ያስቆመኝ ስሙ ነው። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ አዲስ አበባ ውስጥ የቴሌክስ፣ የዚያ ጽሑፍ በሽቦ የሚልክ ማሽን፣ ኦፕሬተር ነበር፤ ያደግነው በዚያ ደመወዝ ነው። የሲዲው ርዕስ ደግሞ «ሙዚቃ አልወድም» ማለት ነው። 2 ዩሮ ከፍዬ ኪሴ ከተትኩት።

ወደ ስልኬ ገልብጬው ሳምንቱን ሙሉ ትራም ላይ እሱን ብቻ ሰማሁ። የሚያስደንስ ሃውስና ቴክኖ ነው፤ ዘፋኙ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ ከበሮው ግን አይለቅህም። የዘመናችን ልጆች ናቸው ብዬ ነበር። በኋላ ሽፋኑ ላይ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ዘፈኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ መጨረሻና ከ80ዎቹ የመጡ ናቸው፣ የሰማሁት ሌሎች ዲጄዎች ቆራርጠው እንደገና የሠሩትን ነው። ዋናዎቹን ፈልጌ ከፈትኩ። ቅር አለኝ። ዝግ ያለ፣ ቀጭን፣ ዘፋኙም የባንክ ማስታወቂያ የሚያነብ የሚመስል። የቢል ሄሊን የታወቀ የሮክ ዘፈን «ሮክ አራውንድ ዘ ክሎክ» ሳይቀር አስክሬን እንደሚያጅብ ሰው ጎትተውታል።

ስለዚህ አቋሜን ላስቀምጥ፦ ሪሚክሱ ከዋናው ይበልጣል። አንድን ባንድ እንዲህ በጓሮ በር ገብታችሁ ያወቃችሁ አላችሁ? ወይስ እኔ ነኝ ጆሮ የሌለኝ?

(ክሩ ስለረዘመና ግማሹ ምላሽ በኋላ ስለተሰረዘ፣ ዘግይታችሁ የመጣችሁ በጠየቃችሁኝ መሠረት የተባለውን በየቁጥሩ ከዚህ በታች አሰባስቤዋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አላስቀመጥኩም።)

ምላሽ 1። ከአዲስ አበባ የጻፈ ወንድም ነው። ባንዱን ሰምቶት እንደማያውቅ በትሕትና ነገረኝ፣ ለአባቴ ጤና ተመኘ፣ ሊንክ ጠየቀ። እንዲህ ያለ ጅምር ሳይ ክሩ በሰላም የሚያልቅ ይመስለኛል፤ ሁሌም እሳሳታለሁ።

ምላሽ 2። ጌንት የምትኖር እህት ናት፤ ቤልጂየም ውስጥ እንዳደገች ከአጻጻፏ ያስታውቃል። ቴሌክስ በ1978 ብራስልስ ውስጥ የተመሠረተ የሦስት ሰዎች ባንድ መሆኑን አስረዳችኝ። ማርክ ሙላን የጃዝ ፒያኒስት ነበር፤ ሬዲዮ ላይም በቀልዱ የታወቀ ነበር። ዳን ላክስማን የስቱዲዮ መሐንዲስ ነው፣ ሲንተሳይዘርን (ድምጽ በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ኪቦርድ) ገና ማንም ሳያውቀው ሲነካካ የኖረ። የሚዘፍነው ሚሼል ሙርስ ደግሞ አርክቴክትና ፎቶ አንሺ። መድረክ ላይ መውጣት የማይወዱ፣ ኮንሰርት ሳያሳዩ ዕድሜያቸውን የገፉ ሰዎች ናቸው። ከዚያ በትንሽ ፈገግታ አንድ ነገር ጣል አደረገች፤ የገዛሁት ሲዲ መንታ አለው። «ሙዚቃ አልወድም» የሚለው ሪሚክሶቹን ሲይዝ፣ በዚያው ሰሞን የወጣው ሌላኛው «ሪሚክስ አልወድም» ይባላል፤ እሱ የያዘው ከ1978 እስከ 86 ያሉትን ዋናዎቹን ነው። የቀልዱን ግማሽ ገዝቼ ነው የተናደድኩት ማለቷ ነው።

ምላሽ 3። ይኼኛው የዩሮቪዥን፣ የአውሮፓ አገሮች የዘፈን ውድድር፣ ሱሰኛ ነው፤ በዚህ መድረክ ታውቁታላችሁ። በ1980 ዘ ሄግ ላይ ቤልጂየምን የወከሉት እነዚሁ ሰዎች መሆናቸውን አስታወሰ። የውድድሩን ስም ራሱን ርዕስ አድርገው፣ በውድድሩ ላይ የሚያሾፍ ዘፈን ይዘው ወጡ። ሙርስ እንደ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ቀጥ ብሎ ዘፈነ፣ ጥቂት ኮንፌቲ በተነ፣ መጨረሻ ላይ ካሜራ አውጥቶ ተመልካቹን ፎቶ አነሳ። አዳራሹ ማጨብጨብ ይኑርበት አይኑርበት ግራ ገብቶት ቀረ። ፍላጎታቸው የመጨረሻ መውጣት ነበር፤ እንደዚህ ጸሐፊ ከሆነ ተሳክቶላቸው 19ኛ ወጡ።

ምላሽ 4። እዚህ ላይ የመጀመሪያው እርማት መጣ። ከ19 አገሮች 17ኛ ነው የወጡት፣ 19ኛ አይደለም። 19ኛ የሚለው ወሬ የተነዛው ሙላን ራሱ እንዲያ እያለ ያወራ ስለነበር ነው። ያገኙት 14 ነጥብ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ 10ሩን የሰጠችው ፖርቱጋል ብቻዋን ናት፤ ዕቅዳቸውን ያበላሸችውም እሷ። አራሚው ከበታቻቸው እነማን እንዳሉም ጨመረ፤ 19ኛ ፊንላንድ፣ 18ኛ ደግሞ ሞሮኮ፣ በ7 ነጥብ። አዎ፣ የአፍሪካዋ ሞሮኮ። በዩሮቪዥን ታሪክ የተሳተፈችው ያን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። 3ኛው ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ፤ በዚህ ክር ውስጥ ይቅርታ የጠየቀ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ሰው ነው።

ምላሽ 5። ከእስራኤል፣ ከናታንያ ነው። ሞሮኮ ያን ዓመት ለምን እንደገባች የገለጠልን እሱ ነው፤ እስራኤል በ1978ም በ79ም አሸንፋ ነበር፣ የ1980ው ውድድር ግን የወደቁ ወታደሮቿ ከሚታሰቡበት ቀን ጋር ስለገጠመባት ቀረች። እሷ ስትቀር ሞሮኮ ገባች። ከዚያ የኔን ጥያቄ በቀጥታ የመለሰም እሱ ሆነ። ለእሱ በጓሮ በር የተገባበት ትልቁ ምሳሌ ኦፍራ ሃዛ ናት። እዚያ አገር ሁሉም ያውቃታል፣ የየመን አይሁድ ዜማዎችን በአያቶቿ ስልት የምትዘፍን ነበረች። የቀረው ዓለም ድምጿን በሰፊው የሰማው ግን በ1987 ነው፤ ኮልድከት የተባሉ እንግሊዛውያን የኤሪክ ቢና የራኪምን ራፕ ሪሚክስ ሲያደርጉ የእሷን ድምጽ መሃሉ ላይ ሰኩት። ሰዉ ራፑን ሰምቶ ያቺ ሴት ማናት ብሎ ጠየቀ። እናቱ ግን እስከ ዛሬ ያንን ሪሚክስ ቤቷ አታስከፍትም አሉ።

ምላሽ 6። ከዱባይ የጻፈች እህት ናት፤ የሞሮኮዋ ዘፋኝ ሳሚራ ሰዒድ መሆኗን፣ በኋላ በዓረብ ዓለም ትልቅ ኮከብ እንደወጣች፣ እህታችን የምትሠራበት ቤት እመቤትም ዘፋኟን እንደምትወዳት፣ የእመቤቲቱ ጠባይ ግን... ሌላ ታሪክ ነው፤ ረጅም ነበር፣ አልፈዋለሁ። እህቴ፣ በርቺ።

ምላሽ 7። ጸባይ ያለቀው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው አዲስ አበባ ካሴት ቤት ነበረኝ ባይ ነው። ሐበሻ ሪሚክስ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ስለ ሪሚክስ ይከራከራል አለ። እኛ አገር ሪሚክስ የምንለው አንድ ወጣት የጥላሁንን ወይም የብዙነሽን ዘፈን በኪቦርድ አዲስ ምት አስገጥሞ ደግሞ ሲዘፍነው ነው። እሱ ሪሚክስ አይደለም፣ ድጋሚ መዝፈን ነው። ትክክለኛው ሪሚክስ የመጀመሪያውን ቅጂ ራሱን ይወስድና ድምጹን፣ ከበሮውን፣ ቤዙን ለየብቻ ፈትቶ እንደገና ይገጥመዋል፤ ዘፋኙ ያው ነው፣ ቤቱ ነው የሚፈርሰው። ሊቁ ትክክል ነበር። አነጋገሩ ግን ከመጀመሪያው ሰው ጀምሮ ሁላችንንም ደንቆሮ ያደረገ ነው።

ምላሽ 8። ወዲያው አንዱ ተነሳበት። ቃል የሰው ነው፤ አንድ አገር ሙሉ ሰላሳ ዓመት ሪሚክስ ካለው ሪሚክስ ነው፣ የፈረንጅ መዝገበ ቃላት ይዞ መጥቶ የሚያርመን ማነው የሚል ነበር። ከካሴት ቤቱ ሰው ያልተመለሰ የቆየ ቂም ያለበት ይመስላል፤ አንድ ካሴት ገልብጦ ስለመሸጥ የሚያወራ ዓረፍተ ነገርም ነበረበት፣ አድሚኑ ቆረጠው።

ምላሽ 9 እና 10። ዘጠኙ እኔ ነኝ፤ ረጋ በሉ አልኩ፣ የሰማኝ የለም። አሥሩ ግን የዚህ ክር ዋጋ ናት። ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖር ሴት ናት፤ ሁለቱንም ተከራካሪዎች አክብራ ሁለቱንም ከመንገድ አወረደቻቸው። ቴሌክሶች ራሳቸው እኮ የኛን ዓይነት ሪሚክስ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው አለች። የሰው የታወቀ ዘፈን ወሰዱ፣ በማሽን ምት አስገጥመው ደግመው ዘፈኑት። ያ እኔ የአስክሬን አጀባ ያልኩት «ሮክ አራውንድ ዘ ክሎክ» በ1979 እንግሊዝ ገበያ 34ኛ ደረጃ ደርሷል፤ ሰዉ የገዛው ዝግ ቢልም ሳይሆን ዝግ ስላለ ነው። ሮክ ማለት ላብ፣ ጩኸት፣ ዝላይ በሆነበት ዘመን እነሱ ዝላዩን ከውስጡ አወጡትና ምን እንደሚቀር አሳዩ። ዲጄዎቹ ደግሞ ከሃያ ዓመት በኋላ ያንን ዝላይ መልሰው ከተቱበት። ስለዚህ እኔ የወደድኩት ቴሌክስ የቀነሰውን ነገር ነው።

ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀመጥኩ፤ ምላሽ አልጻፍኩም። ሰው ልክ ልክህን በጨዋ ቃል ሲነግርህ ከስድብ ይብሳል።

ምላሽ 11። ያው የዲሲዋ፣ ከጎረቤቷ ትንሽ ጨመረች። በ1985 ኃይሉ መርጊያ እዚያው ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንን ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር አጣምሮ ብቻውን የቀዳውን ካሴት አነሳች። ዋልያስ ባንድ አሜሪካ ከመጣ በኋላ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ካሴቱ ተረሳ፣ እሱም ዳለስ ኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ ኖረ። በ2013 አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ እንደገና ሲያወጣው ዓለም እንደ አዲስ አገኘው። በማሽን የተሠራ ሙዚቃ ነፍስ የለውም የሚል ካለ እሱን ይስማ አለች።

ምላሽ 12። የካሴት ቤቱ ሰው አላሳለፋትም። ድጋሚ ኅትመት ሪሚክስ አይደለም፣ ከርዕስ ወጣሽ አላት። (ከርዕስ መውጣትን ያመጣው የጥላሁን ኪቦርድ ራሱ መሆኑን ማን ይንገረው።)

ምላሽ 13፣ 14፣ 15። ስለ መብት ጦርነት ሆነ። አሥራ ሦስተኛው የሪሚክስ ነገር ሁሉ ሌብነት ነው አለ፤ አንጋፋ ድምጻውያን ቤት ኪራይ እየቸገራቸው ልጆች በእነሱ ዘፈን ሠርግ ያሞቃሉ። አሥራ አራተኛዋ ልዩነቱ ፈቃድ ነው አለች፤ ቴሌክሶች ዘፈናቸውን ለዲጄ የሰጡት ወደው ነው። አሥራ አምስተኛው፣ ነገር የሚያውቅ ሰው፣ ከቴሌክስ ቤት ራሱ ጥቁር ነጥብ አወጣ። ዳን ላክስማን ዲፕ ፎረስት የተባለው የፈረንሳይ ባንድ በ1992 ባወጣው አልበም ሥራ ላይ እጁ አለበት። እዚያ አልበም ላይ ያለችው ዝነኛዋ እሹሩሩ የሰለሞን ደሴቶች ሴት ድምጽ ናት፤ ቀረጻውን ለጥናት የቀዳው ተመራማሪ ድምጹ በዚያ መንገድ መወሰዱን በጽሑፍ ተቃውሟል። ብዙ አድማጭ ደግሞ የመካከለኛው አፍሪካ ደን ውስጥ ያለች ሴት መስላው ነበር። አንዲት እናት ልጇን ያስተኛችበት ዜማ የማታውቀው ሰው ጭፈራ ቤት ውስጥ ሲመታ፣ እሷ ምን አገኘች ብሎ ጠየቀ። ለዚህ መልስ የሰጠ የለም። አሥራ ሦስተኛው ግን እንዳሸነፈ ቆጥሮ ሦስት ጊዜ የሳቅ ምልክት ለጠፈ።

ምላሽ 16። አድሚኑ። ስድብ ቢደገም ክሩ ይዘጋል።

ምላሽ 17። ክሩን ያዳኑት እኚህ አባት ናቸው። ለሃያ ዓመት ያህል አንድ አስመጪና ላኪ ድርጅት ውስጥ ቴሌክስ ላይ ሠርተዋል። ስለ ባንዱ አንድም ቃል አልጻፉም። ስለ ማሽኑ ግን እንዲህ አድርገው አሳዩን፦ መስመር ላይ ያለህበት እያንዳንዱ ደቂቃ ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ መስመሩ ሳይከፈት መልእክቱን ትመታለህ፣ ማሽኑም ጠባብ የወረቀት ጥብጣብ እየበሳ ያወጣልሃል። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ረድፍ፣ ቢበዛ አምስት ቀዳዳ። የለመደ ዓይን ቀዳዳውን እንደ ጽሑፍ ያነበዋል፤ ስህተት ካለ በጣትህ እየዳሰስክ ታገኘዋለህ። ከዚያ ትደውላለህ፣ ወዲያ ማዶ ያለው ማሽን ማንነቱን በኮዱ ይመልስልሃል፣ ጥብጣቡን ትሰካለህ፤ በደቂቃ 66 ቃል ገደማ እያንገጫገጨ ይበላዋል። ጥብጣቡ ሲያልቅ ክፍሉ ጭር ይላል። ማታ ቤት ገብተው ሲተኙ ምቱ ጆሯቸው ውስጥ ይቀጥል ነበር፤ ባለቤታቸውም በእንቅልፍ ልባቸው ጣታቸው ትራሱን ሲመታ ያዩአቸው ነበር።

ምላሽ 18 እና 19። አንድ ወጣት በአማርኛ መላክ ይቻል እንደነበር ጠየቃቸው። በእሳቸው ቢሮ ሁሉም በላቲን ፊደል፣ ያውም በትልልቁ ብቻ እንደነበር መለሱ፤ ግን ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ የአማርኛ ቴሌፕሪንተር እንደሠሩ አስታወሱ፣ እኚያ ሰው ተገቢውን ክብር አላገኙም ብለውም አዘኑ። የካሴት ቤቱ ሰው እንኳ እዚህ ላይ አንቱ ብሎ አመሰገናቸው።

ምላሽ 20። የጌንቷ ተመለሰች፣ በዚህ ጊዜ ግን ጥርስ አውጥታ። ዋናውን ሰማሁ ያልኩት ከየት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ኢንተርኔት ላይ፣ በ2021 ሚዩት የተባለው አሳታሚ ካወጣው ስብስብ ነው አልኳት። እንግዲያው ዋናውንም አልሰማህም አለች። ሙላን በ2008 ካረፈ በኋላ የቀሩት ሁለቱ፣ ላክስማንና ሙርስ፣ ለዚያ ስብስብ አሮጌዎቹን ቴፖች አውጥተው እንደገና ሚክስ አድርገዋቸዋል። የ1979ኙን ድምጽ የፈለገ የ1979ኙን ሸክላ ያግኝ። ሰባተኛው ሰው ለዚህ ሁለት አውራ ጣት ሰጠ፤ ስምንተኛውም ሰጠ። የተስማሙበት ብቸኛ ነጥብ የእኔ መሳሳት ነው።

ምላሽ 21። እኔ። ባለፈው እሁድ ዡ ደ ባል ተመልሼ ሸክላ ፈለግሁ፣ አላገኘሁም። ስለዚህ ያለኝን፣ ማለትም የ2021ዱን፣ ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እያቁላላሁ ከፈትኩት። «ሞስኮው ዲስኮው» ነው፣ የባቡሩ። የመጀመሪያው ጊዜ ዳንሱን ስጠብቅ ነበርና አምልጦኛል፤ አሁን ከበሮው ራሱ ባቡሩ ነው። ፉጨቱ ይመጣል፣ እንፋሎቱ ሽሽ ይላል፣ ሙርስም የጣቢያ አስታዋቂ ይመስል ድምጹን ሳያነሳ ይናገራል። ሰፈራችን ውስጥ ሳይስቅ የሚያስቅ አንድ የጋራዥ ባለቤት ነበር፤ ቀልዱን ጨርሶ ሻዩን ፉት ሲል ነው ሰው የሚፈነዳው። ልክ እንደሱ ነው። ሽንኩርቱ አረረ። ይህን ሁሉ ጻፍኩና አቋሜን አሻሻልኩ፤ ሪሚክሱ ከዋናው ይበልጣል ያልኩትን አነሳሁ፣ ለትራም ግን አሁንም ሪሚክሱን ነው የምይዘው።

ለአባቴም በስልክ አሰምቼው ነበር። እስከ መጨረሻው ሰምቶ ስሙን ለምን ቴሌክስ እንዳሉት ጠየቀኝ። አላውቅም ስለው፣ ማሽኑ ከዚህ ይፈጥናል አለኝ።

ምላሽ 22። የመጀመሪያው ወንድም፣ አሁንም በትሕትና፣ ሊንኩ እንዳልተለጠፈለት አስታወሰ። እውነቱን ነው፣ ረስቼዋለሁ። ለጥፌያለሁ።

ምላሽ 23። ዩሮቪዥኑ ሰው። ሊዝበን የሚኖር ሐበሻ ካለ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ፖርቱጋላዊ ጎረቤት እንዲጠይቅለት ለመነ፤ ያን 10 ነጥብ ምን አይተው ሰጡ? ሁለት ሳምንት ሆነው። ከሊዝበን የጻፈ የለም።